የሦስት ወሩ መርፌ፦ የኢትዮጵያ ተወላጅ ሴቶች በእስራኤል፣ ዘር፣ መደብና ፌሚኒዝም

(ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በዲሴምበር 2012 ጋዜጠኛ ጋል ጋባይ በእስራኤል የትምህርት ቴሌቪዥን አንድ የምርመራ ዝግጅት አቀረበች። ለዝግጅቱ 35 የኢትዮጵያ ተወላጅ ሴቶች ቃላቸውን ሰጥተዋል። ጎንደርና አዲስ አበባ ሆነው ወደ እስራኤል የሚሄዱበትን ቀን ሲጠብቁ ዴፖ ፕሮቬራ የተባለውን የእርግዝና መከላከያ መርፌ እንዲወጉ ተገፋፍተው እንደነበር ተናገሩ። አንዳንዶቹ ክትባት ነው ተብለው ነበር። ሌሎቹ ካልተወጉ ጉዟቸው እንደሚሰናከል፣ ልጅ ካበዙም እስራኤል ውስጥ ቤትና ሥራ እንደማያገኙ ተነግሯቸዋል። እዚያ ከደረሱ በኋላም መርፌው በየሦስት ወሩ ቀጠለ።

ወሬው በጥቂት ሳምንታት ዓለምን አዳረሰ፤ ብዙ ቦታም «ማምከን» የሚለው ቃል ታከለበት። በ2016 መጀመሪያ ደግሞ የእስራኤል መንግሥት ዋና ተቆጣጣሪ ዮሴፍ ሻፒራ፣ መርፌው በግዳጅ ለመሰጠቱ ማስረጃ እንዳልተገኘ አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን የሚያነሣ ሰው ወይ «አምክነዋቸዋል» ይላል፣ ወይ «ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ዴፖ አያመክንም፤ ማስረጃ አልተገኘም ማለትም ምንም አልሆነም ማለት አይደለም። ጥያቄውን በትክክል ያነሣው ከቴሌቪዥኑ ሦስት ዓመት ቀድሞ በሐይፋ የሚገኝ አንድ የሴቶች ማዕከል ነበር። እንዴት እንዳነሣው፣ የት ላይ እንደጠነከረና የት ላይ እንደላላ ማየቱ ስለ ዘር፣ ስለ መደብና ስለ ፌሚኒዝም ግንኙነት ብዙ ያስረዳል።

ኢሻ ለኢሻ ይባላል፤ በ1983 የተቋቋመ የፌሚኒስት ማዕከል ነው። ተመራማሪዋ ሔድቫ ኤያል በሴቶችና በሕክምና ቴክኖሎጂ ላይ ትሠራ ነበርና፣ በ2009 የወጣው ሪፖርት አንድ ቀላል ጥያቄ አቀረበ፦ በእስራኤል ዴፖ የሚወስዱት እነማን ናቸው? ከኩፓት ሆሊም (ከእስራኤል የጤና መድን ተቋማት) የተሰበሰበው የ2008 መረጃ፣ መርፌውን ከሚወስዱት ሴቶች 57 በመቶዎቹ የኢትዮጵያ ተወላጆች መሆናቸውን አሳየ። ማኅበረሰቡ ከአገሪቱ ሕዝብ 2 በመቶ አይሞላም ነበር።

ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ በስህተት ይነበባል። 1,000 የዴፖ ተጠቃሚዎች ቢኖሩ፣ በሕዝብ ብዛት ልክ ቢሆን የኢትዮጵያ ተወላጆቹ 20 ገደማ መሆን ነበረባቸው፤ የተገኙት 570 ናቸው። በነፍስ ወከፍ ሲሰላ አንዲት የኢትዮጵያ ተወላጅ ሴት መርፌውን የመውሰድ ዕድሏ ከሌላዋ የእስራኤል ሴት ወደ 65 እጥፍ ይጠጋል። ይህ ልዩነት በአጋጣሚ አይመጣም። ግን 57 በመቶ ማለት «ከኢትዮጵያ ተወላጅ ሴቶች 57 በመቶዎቹ ይወጋሉ» ማለት አይደለም። ሌላው የአገሪቱ ሴት መርፌውን እምብዛም የማይጠቀምበት በመሆኑ የአንድ ማኅበረሰብ ልማድ ብቻውን ድርሻውን ከፍ ያደርገዋል። ቁጥሩ የት መመርመር እንዳለበት ይጠቁማል እንጂ ማን ምን እንዳደረገ አይናገርም። ለዚያ በዕድሜ፣ አገር በገቡበት ዓመት፣ መርፌውን በጀመሩበት ቦታና በወሰዱበት የጊዜ ርዝመት የተከፋፈለ መረጃ ያስፈልግ ነበር።

መርፌው ራሱ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ክርክሩን መከተል ያስቸግራል። ዴፖ ፕሮቬራ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 150 ሚሊ ግራም ሜድሮክሲፕሮጀስትሮን የያዘ ነው፤ ክንድ ወይም መቀመጫ ጡንቻ ላይ በየ12 እስከ 13 ሳምንት ይወጋል። በሰዓቱ ከተወሰደ ከ1,000 ሴቶች በዓመት የሚያረግዙት 2 ያህል ናቸው። ነርስ በደቂቃዎች ትሰጠዋለች፤ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ኪኒን የለም፣ ባል አያየውም። ጠንካራ ጎኑ ይኸው ነው፤ አደጋውም ያለው እዚያው ላይ ነው። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ይወጣል፣ በክንድ የሚቀበረውም ይወጣል፣ ኪኒን ዛሬ ቢተው ነገ ይቆማል። መርፌ ግን አንዴ ከገባ የሚያወጣው የለም። የወር አበባ ይዛባል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ሴቶች ጭራሹን ይቆማል። በመጀመሪያው ዓመት ክብደት በአማካይ ከ2 ኪሎ በላይ ይጨምራል። መርፌው ከቆመ በኋላ ለማርገዝ የሚፈጀው ጊዜ መካከለኛው 10 ወር ነው፤ ከ4 ወር እስከ 31 ወር ሊሆን ይችላል። በኖቬምበር 2004 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የአጥንት ጥግግት እንደሚቀንስ የሚገልጽ ከባድ ማስጠንቀቂያ አስጨመረበት፦ ሌላ ዘዴ የማይሆን ካልሆነ በቀር ከ2 ዓመት በላይ አይወሰድ የሚል። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ ከ18 እስከ 45 ዓመት ለሆኑ ጤናማ ሴቶች የጊዜ ገደብ አላስቀመጠም። በባለሙያዎች መካከል ልዩነት አለ፤ ለዚህም ነው ውሳኔው የሴቲቱ መሆን ያለበት።

መድኃኒቱ የራሱ የዘርና የመደብ ታሪክ አለው። ከ1967 እስከ 1978 አትላንታ በሚገኘው የግሬዲ ሆስፒታል ክሊኒክ 11,000 ገደማ ሴቶች ላይ ተሞክሯል፤ አብዛኞቹ ድሆች፣ ብዙዎቹም ጥቁሮች ነበሩ። አሜሪካ ለእርግዝና መከላከያነት የፈቀደችው ግን በ1992 ነው። በደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ዘመን ለጥቁር ሴቶች በስፋት ይሰጥ ነበር። ሔድቫ ኤያልን የመሰሉ ፌሚኒስቶች 57 በመቶ የሚለውን ቁጥር ሲያዩ ጆሯቸው የቆመው ይህን ስለሚያውቁ ነው።

አሁን ወደ ጎንደር። እዚህ ላይ ለከሳሾቹ የማይመች እውነት አለ፤ ሊዘለል አይገባም። መርፌ በኢትዮጵያ ከሁሉ የበለጠ የተለመደ የእርግዝና መከላከያ ነው። በ2005ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ ሴቶች 15 በመቶ ያህሉ አንድ ዓይነት መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ 10 በመቶው መርፌ ነው። በ2011 ተጠቃሚው ወደ 29 በመቶ ሲያድግ መርፌው 21 በመቶ ደረሰ። ከአሥር ተጠቃሚዎች ሰባቱ ገደማ ማለት ነው። ጤና ኬላ ድረስ ሄዶ «የሦስት ወሩን» ብሎ መጠየቅ ለብዙ እናቶች የተለመደ ነገር ነው። ስለዚህ እስራኤል የገባች አንዲት ሴት የምታውቀውን መርፌ ብትጠይቅ አይደንቅም። ጎንደር ክሊኒክ የነበረው ጆይንት የተባለው የአይሁድ እርዳታ ድርጅትም ክሱን ሲያስተባብል ያለው ይህንኑ ነው፦ አገልግሎቱ በፈቃድ ብቻ ነበር፣ መርፌን የመረጡትም ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው።

ይህ መልስ የሚያስረዳው ግን ከፊሉን ብቻ ነው። ጎንደር ወረፋ የምትጠብቅ ሴት መንደሯን ትታለች፣ ከብቱን ሸጣለች፣ በኪራይ ቤት ዓመታት ቆጥራለች። እንድትሄድ የሚፈቅደው የእስራኤል አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። ክሊኒኩን፣ የሕፃናቱን ምግብና ትምህርት ቤቱን የተለያዩ ድርጅቶች ይዘውታል። ቢሮክራሲውን ለሚያውቅ ሰው እነዚህ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ለእሷ ግን ሁሉም «እዚያ የሚያደርሱ ሰዎች» ናቸው። ነርሷ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ በቀና ልብ የምትሰጠው ትምህርት «ይህን ካላደረግሽ ስምሽ ይዘገያል» ተብሎ ሊሰማ ይችላል፤ ማንም እንዲያ ሳይላትም ቢሆን። ዛቻ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ክርክር ይህንን ይስታል። ምክር ሰጪውና የዕጣ ፈንታ ባለቤቱ በአንድ ግቢ ሲገኙ ምክሩ ራሱ ትእዛዝ ይሆናል። መፍትሔውም አይከብድም፦ ክሊኒኩ ከጉዞው ጉዳይ ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው በአማርኛና በትግርኛ በቃል መንገር፣ የመከላከያ መዝገቡን ከጉዞ ማኅደሩ መለየት፣ የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርቱንም ስለ ጉዞው ከሚሰጠው ገለጻ ጋር በአንድ ቀን አለማድረግ።

እስራኤል ከተገባ በኋላ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። መርካዝ ክሊታ በተባለው የአዲስ ገቢዎች መቀበያ ማዕከል ያለ ቤተሰብ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይኖራል፤ ሴቲቱ ዕብራይስጥ ገና አልገባትም፤ ሥራ ብታገኝ ጽዳት ነው። ክሊኒክ ስትሄድ የምታገኘው ነርስን ነው። ሉፕ ለማስገባት የማህፀን ሐኪም ቀጠሮ፣ አስተርጓሚና ረዘም ያለ ንግግር ይጠይቃል፤ መርፌው የሚጠይቀው አንድ ሲሪንጅና አምስት ደቂቃ ነው። በቴሌቪዥኑ ዝግጅት በድብቅ የተቀረጸች አንዲት የጤና ባለሙያ፣ መርፌው በብዛት ለኢትዮጵያ ተወላጆች የሚሰጠው እነሱ ስለሚረሱ፣ ስለማይገባቸውና ማስረዳቱ ስለሚከብድ እንደሆነ ስትናገር ተሰማች። ከጉዳዩ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ክፋት የለበትም፣ ሤራም አይደለም። በባለሙያዋ ዓይን ሴትዮዋ ጥቁር፣ ድሃና ፊደል ያልቆጠረች ስለሆነች ብቻ ማስረዳት የሚለው የሥራ ክፍል ቀረ። አለመማሯን ምክንያት አድርጎ አለማስረዳት ደግሞ ክበቡን ይዘጋዋል፤ ያልተነገራት ሴት ሁልጊዜም የማይገባት ትመስላለች።

ይህ የሆነው ልጅ መውለድን ጥቂት አገሮች ብቻ በሚስተካከሉት መጠን በሚደግፍ መንግሥት ውስጥ መሆኑን ልብ ይሏል። እስራኤል ለአንዲት ሴት እስከ 45 ዓመቷ ድረስ ሁለት ልጅ እስክታገኝ የላብራቶሪ ፅንስ (አይ.ቪ.ኤፍ) ወጪዋን ትሸፍናለች። ሃይማኖት አጥባቂ ቤተሰቦች ስድስት ሰባት ልጅ ማሳደጋቸው የተለመደ ነው። ብዙ መውለድ በራሱ እንደ ችግር አይታይም። እንደ ችግር የሚታየው የወላዲቱ ማንነት ሲለወጥ ነው።

የአገሪቱ ፌሚኒስት ንቅናቄም በዚህ ላይ ልብ ለልብ አልነበረም። የመካከለኛው መደብ አሽከናዚ (የአውሮፓ ዝርያ ያላት አይሁዳዊት) ሴት ስለ ማህፀኗ ስትታገል የኖረችው ከልካይን ነው፦ በ1977ቱ ሕግ መሠረት ፅንስ ለማቋረጥ በኮሚቴ ፊት መቅረብ ግድ ነበር። ለእሷ ነፃነት ማለት መከላከያውን በቀላሉ ማግኘት ነው። መርካዝ ክሊታ ያለችው ሴት ግን መከላከያው ሳትጠይቅ መጣላት። «ተደራሽነት ይስፋ» የሚለው መፈክር የመጀመሪያዋን ሲያግዝ የሁለተኛዋን ጉዳይ ይሸፍነዋል። ኢሻ ለኢሻ በ1990ዎቹ ከሌሎች ጋር «አራት ሩብ» የተባለ አሠራር ይከተል ነበር፤ በየመድረኩ አሽከናዚ፣ ሚዝራሒ (ከመካከለኛው ምሥራቅና ከሰሜን አፍሪካ የመጡ አይሁዳውያን)፣ ፍልስጥኤማዊትና ሌዝቢያን ሴቶች እኩል እንዲወከሉ የሚያደርግ። ብርቱ እርምጃ ነበር፤ ግን ከአራቱ አንዱ ሩብ የኢትዮጵያ ተወላጇ አልነበረም። ማዕከሉ የዴፖን ጥያቄ ማንሣቱ የሚያስመሰግነው ከራሱ ቀመር ውጪ ያለችውን ሴት ስላየ ነው። ሆኖም ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ የጤና ሥርዓቱን ለማንቀሳቀስ የቴሌቪዥን ካሜራና ሦስት ዓመት አስፈልጓል።

በጃንዋሪ 2013 የእስራኤል የዜጎች መብት ማኅበር የሴቶችና የኢትዮጵያ ተወላጆች ድርጅቶችን ወክሎ ድርጊቱ እንዲቆምና እንዲመረመር ጠየቀ። የጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ሮኒ ጋምዙ ለአራቱ ኩፓት ሆሊም ደብዳቤ ጻፉ። የክሱን እውነትነት ሳይወስኑ፣ ሐኪሞች የሕክምናው ውጤት ላይገባቸው ይችላል ብለው የሚሰጉላቸውን የኢትዮጵያ ተወላጅ ሴቶች የዴፖ ማዘዣ እንዳያድሱ፣ አስፈላጊ ሲሆንም አስተርጓሚ እንዲጠቀሙ አዘዙ። ደብዳቤው ብዙ ቦታ የጥፋት እምነት ቃል ተደርጎ ተወሰደ፤ እንደዚያ ግን አልነበረም።

ደብዳቤው በጎ ነበር፤ ጉድለትም ነበረበት። «ያልገባት ከሆነ አትስጧት» ማለት አውቃ የመረጠችውን፣ ከባሏ ተሰውራ ስምንት ዓመት የተጠቀመችበትን ሴትም በር ሊዘጋባት ይችላል። የሐኪሙ ግዴታ ማስረዳት መሆኑ ቀርቶ መከልከል ሆነ። በትውልድ ሐረግ ለይቶ መስጠት ስህተት ከሆነ፣ በትውልድ ሐረግ ለይቶ መንፈግም መፍትሔ አይሆንም።

አሜሪካ ይህንኑ እንቆቅልሽ ከደብዳቤው አርባ ዓመት ቀድማ አግኝታው ነበር። በ1973 በሞንትጎመሪ፣ አላባማ፣ የሬልፍ እህትማማቾች፣ የ14 እና የ12 ዓመት ጥቁር ልጃገረዶች፣ በመንግሥት ገንዘብ በሚሠራ ክሊኒክ አማካይነት እንዲመክኑ ተደረጉ። ቀድሞ ዴፖ ይወጉ ነበርና ማንበብ የማትችለው እናታቸው የመርፌው ጉዳይ መስሏት ወረቀቱ ላይ የኤክስ ምልክት አደረገች። ኒው ዮርክ ውስጥ ፖርቶ ሪካዊቷ ሐኪም ሔለን ሮድሪገዝ ትሪያስና ጓደኞቿ ማምከን ከመፈጸሙ በፊት 30 ቀን መጠበቅ ግዴታ እንዲሆን ታገሉ፤ በ1975 በከተማዋ የሕዝብ ሆስፒታሎች፣ በ1978 በፌዴራል ደረጃ ተሳካላቸው። ደንቡ ዝቅተኛውን ዕድሜ 21 አደረገ፤ ምጥ ላይ ያለች ሴት እንዳትፈርምም ከለከለ። ከዋናዎቹ የነጭ ፌሚኒስቶች ድርጅቶች አንዳንዶቹ ግን ተቃወሙት። የእነሱ አባላት ችግር ተቃራኒ ነበርና፦ ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ «የ120 ሕግ» ይከተሉ ነበር፤ የሴቲቱ ዕድሜ በልጆቿ ቁጥር ተባዝቶ 120 ካልሞላ አያመክኗትም። የ30 ዓመት ሴት አራት ልጅ ሊኖራት ይገባል። 30 ቀን ለአንደኛዋ ጋሻ፣ ለሌላዋ ተጨማሪ መከልከያ ሆነ። በ1994 ቺካጎ ላይ የተሰበሰቡ 12 ጥቁር ሴቶች የሥነ ተዋልዶ ፍትህ የሚለውን ሐሳብ ያቆሙት ሁለቱን አንድ ላይ ለመያዝ ነው፦ አለመውለድ መብት ነው፣ መውለድ መብት ነው፣ የወለዱትን በሰላምና በደህና ማሳደግም መብት ነው። የዴፖን ጉዳይ በዚህ ሚዛን ያየ ሰው «መርፌው ይቁም» እና «መርፌው ይስፋፋ» ከሚሉት መሃል መምረጥ አይጠበቅበትም።

ወደ ተቆጣጣሪው ሪፖርት እንመለስ። ማስረጃ አልተገኘም ሲባል ምን ዓይነት ማስረጃ ሊኖር ይችል እንደነበር መጠየቅ ይገባል። የ1996ቱ የእስራኤል የታካሚ መብት ሕግ ታካሚው በሚገባው መንገድ ተነግሮት እንዲስማማ ያዝዛል፤ ስምምነቱ ግን በጽሑፍ፣ በቃል ወይም በአኳኋን ሊሆን ይችላል። ፊርማ ግዴታ የሆነው በዝርዝር ለተጠቀሱት ነው፦ ለቀዶ ጥገና፣ ለዳያሊሲስ፣ ለኬሞቴራፒና ለመሳሰሉት። የላብራቶሪ ፅንስ እዚያ ውስጥ አለ፤ የሦስት ወር መርፌ የለም። ለመውለድ የምትታከም ሴት ፊርማዋ ይቀመጣል፤ እንዳትወልድ የምትወጋዋ ክንዷን መዘርጋቷ ይበቃል። ወረቀት በማይጠየቅበት ቦታ ወረቀት ፈልጎ ማጣት ማንንም ነፃ አያወጣም፣ ማንንም አይኮንንም።

የወሊድ መቀነስም እንደ ማስረጃ ሲቀርብ ጥንቃቄ ይሻል። የማኅበረሰቡ ወሊድ በአሥር ዓመት በግማሽ ገደማ ቀንሷል ተብሎ ነበር፤ አንዳንዶች ምክንያቱን ለመርፌው ብቻ ሰጡት። በ2005 የኢትዮጵያ አማካይ በአንዲት ሴት 5.4 ልጅ ሲሆን አዲስ አበባ ላይ 1.4 ብቻ ነበር። የቤት ኪራይ፣ ዘግይቶ ማግባት፣ ትምህርትና የከተማ ሥራ ወሊድን እንዲህ ይጥሉታል። ከጎንደር ገጠር ወደ ነታንያ ወይም አሽዶድ የሄደ ቤተሰብ ያለ አንድ መርፌም ወሊዱ ይቀንስ ነበር። ይህን ክርክር መተው ጉዳዩን አያዳክመውም፤ ለማስተባበል የሚቀለውን ክፍል ያነሣለታል እንጂ።

ሴቶቹን ለማመን ወይም ላለማመን የሚቸግራቸው ሰዎች አንድ ሌላ ነገር ያስታውሱ። በጃንዋሪ 1996 የእስራኤል የደም ባንክ የኢትዮጵያ ተወላጆችን ደም እየተቀበለ በስውር እንደሚደፋ ተጋልጦ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ላይ ሰልፍ ወጥተዋል። ፊት ለፊት «እናመሰግናለን» እየተባለ ከኋላ የሚደረገውን ያየ ማኅበረሰብ በነጭ ጋዋን የተነገረውን ሁሉ አይውጥም።

ለክሊኒክ ሠራተኛ፣ ለመጋሽር (በማኅበረሰቡና በተቋማት መካከል ለሚያገናኝ ሠራተኛ) እና ለሴቶች ድርጅት የሚጠቅመው ቀጥሎ ያለው ነው። አስተርጓሚው ባል፣ ልጅ ወይም የመርካዝ ክሊታው ሠራተኛ መሆን የለበትም። የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛውን ትፈልጊያለሽ?» ሳይሆን «ልጅ መቼ ትፈልጊያለሽ?» ይሁን፤ በዓመት ውስጥ ለማርገዝ ለምታስብ ሴት መርፌ አይመከርም። ከዚያ ሉፑ፣ በክንድ የሚቀበረው፣ ኪኒኑ፣ ኮንዶሙና መርፌው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው በእጅ ይታዩ። ስለ መርፌው አምስት ነገር ሳይነገር አይሰጥ፦ ከገባ እንደማይወጣ፣ የወር አበባ እንደሚዛባ ወይም እንደሚቆም፣ ክብደት ሊጨምር እንደሚችል፣ ካቆመች በኋላ ለማርገዝ ወደ አንድ ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል፣ የአጥንቱ ነገር በሁለት ዓመት አንዴ እንደገና እንደሚታይ። «ገባሽ?» ተብላ ከተጠየቀች ከአክብሮት የተነሣ «አዎ» ትላለች። ስለዚህ «ለእህትሽ ብትነግሪያት ምን ትያታለሽ?» ተብላ በራሷ አንደበት እንድትመልስ ይደረግ፤ የጎደለው እንደገና ይነገራት። ከኢትዮጵያ ጀምራ የመጣችን ሴት ደግሞ ማዘዣዋን ዝም ብሎ ማደስ አይገባም፤ እንደ አዲስ ትጠየቅ።

ማኅደሯ ላይ የሚጻፈው፦ በየትኛው ቋንቋ እንደተነጋገሩ፣ ማን እንዳስተረጎመ፣ መርፌውን የት እንደጀመረች፣ ሌላ የትኛው ዘዴ እንደቀረበላትና ምን ብላ እንደመለሰች ነው። አምስት መስመር ነው። በ2009 ይህ ቢኖር ኖሮ የሐይፋዎቹ ሴቶች ከ57 በመቶው ጀርባ ያለውን በሁለት ሳምንት ማወቅ ይችሉ ነበር።